የደንበኛ መዝገብን በንግድ ዘርፎች መካከል የማጋራት ዝርዝር መመሪያ

በአዳማ ከተማ ሲሚንቶና ብረታ ብረት የሚሸጥ፣ በጅቡቲ መስመር ለሚመላለሱ ከባድ ተሽከርካሪዎች መለዋወጫ የሚያቀርብና የስብሰባ አዳራሽ ያለው ሆቴል የሚያስተዳድር አንድ ድርጅት አለ እንበል። አንድ የሕንፃ ተቋራጭ ከሦስቱም ዘርፎች ይገለገላል፤ ሲሚንቶ በዱቤ ይወስዳል፣ ለገልባጭ መኪኖቹ የፍሬን ሸራና ጎማ ይገዛል፣ አልፎ አልፎም ሠራተኞቹን በሆቴሉ አዳራሽ ያሠለጥናል። በድርጅቱ ሶፍትዌር ውስጥ ግን ይህ ተቋራጭ ሦስት ደንበኛ ነው፤ ሦስት መለያ ኮድ፣ ሦስት ዓይነት የስም አጻጻፍ፣ ምናልባትም ሁለት የተለያየ ስልክ ቁጥር አለው። የሲሚንቶ ዕዳውን ለወራት ሳይከፍል የቆየ ደንበኛ በመለዋወጫው መደብር አዲስ ዱቤ ሲፈቀድለት የሚያስቆመው የለም፤ የመለዋወጫው ሻጭ በሚያየው መዝገብ ላይ ዕዳ የለበትምና።

ብዙ ድርጅቶች የደንበኛ መዝገብን ማጋራት በሶፍትዌሩ ማስተካከያ ገጽ ላይ አንድ ሳጥን ምልክት አድርጎ የሚያልቅ ሥራ ይመስላቸዋል። በእኔ አስተያየት ማስተካከያው የሥራው ትንሹ ክፍል ነው። ትልቁ ክፍል ከመረጃው ውስጥ የትኛው የሁሉም ዘርፍ፣ የትኛው የአንዱ ብቻ እንደሆነ መወሰንና መዝገቡን ከማጋራት በፊት ማጽዳት ነው፤ ሳይጸዳ የተጋራ መዝገብ የአንዱን ዘርፍ ስህተት የሦስቱም ያደርገዋልና። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በዚህ ቅደም ተከተል የተቀመጡት ስለዚህ ነው።

ደረጃ 1፦ ዘርፎቹ በሕግ አንድ ወይም የተለያዩ መሆናቸውን መለየት

ሶፍትዌሩን ከመክፈትዎ በፊት የእያንዳንዱን ዘርፍ የንግድ ምዝገባና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ማለትም ቲን፣ ይመልከቱ። ሦስቱም ዘርፎች በአንድ ቲን ሥር ከሆኑ ደንበኛው ውል የገባው ከአንድ አካል ጋር ስለሆነ ጉዳዩ በአብዛኛው የውስጥ አሠራር ጉዳይ ነው። ሆቴሉ ለብቻው የተቋቋመ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከሆነ ግን፣ ባለቤቶቹ አንድ ቤተሰብ ቢሆኑም እንኳ፣ መረጃው ከአንድ የሕግ ሰው ወደ ሌላ የሕግ ሰው እየተላለፈ ነው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ስለ ኩባንያዎች ቡድን የሚደነግግ ክፍል ቢኖረውም በቡድን ውስጥ መሆን የኩባንያዎቹን የተለያየ ሰውነት አያስቀርም።

ይህ ልዩነት ክብደት የሚኖረው በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ምክንያት ነው። አዋጁ የሚጠብቀው የግለሰቦችን መረጃ ሲሆን፣ አፈጻጸሙን የሚከታተለው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ከአዋጁ መሠረታዊ መርሆዎች አንዱ መረጃ ለተወሰነና ለታወቀ ዓላማ ተሰብስቦ ከዚያ ዓላማ ጋር ለማይጣጣም ጉዳይ መዋል የለበትም የሚል ነው። የተቋራጩ ድርጅት ስምና ቲን የግለሰብ መረጃ አይደለም፤ የተቋራጩ የግዥ ሠራተኛ ስምና የእጅ ስልክ ግን የግለሰብ መረጃ ነው። በሆቴሉ ያደረ እንግዳ መታወቂያውን ያሳየው ለመኝታ ምዝገባ እንጂ የመለዋወጫ ማስታወቂያ በስልኩ እንዲላክለት አይደለም። ስለዚህ ዘርፎቹ የተለያየ ሰውነት ካላቸው የሚተላለፈውን መረጃ ዓይነትና ዓላማ የሚገልጽ የጽሑፍ ስምምነት በመካከላቸው ያዘጋጁ፤ የደንበኛ መመዝገቢያ ቅጾቹም መረጃው ለእነማን እንደሚደርስ በግልጽ እንዲናገሩ ያድርጉ፤ ረቂቁንም ለሕግ አማካሪ ያሳዩ።

ደረጃ 2፦ የሚጋራውንና የማይጋራውን በፊልድ ደረጃ መወሰን

የሦስቱን ዘርፎች ኃላፊዎች በአንድ ጠረጴዛ ሰብስበው የደንበኛውን መዝገብ ፊልድ በፊልድ፣ ማለትም እያንዳንዱን የመረጃ መሙያ ቦታ ለየብቻ እየተመለከቱ፣ ይሂዱበት። ስብሰባው አሰልቺ ይሆናል፤ ግማሽ ቀን ሊፈጅ ይችላል፤ ሆኖም በኋላ የሚነሱት ክርክሮች በሙሉ የሚፈቱት እዚህ ነው።

የደንበኛውን ማንነት የሚገልጹት ፊልዶች፣ ማለትም ሕጋዊ ስም፣ ቲን፣ የተጨማሪ እሴት ታክስ ምዝገባ፣ ዋና አድራሻ፣ ዋና ስልክና የድርጅቱ ኢሜይል፣ ለሁሉም የጋራ መሆን አለባቸው። በደንበኛውና በአንድ ዘርፍ መካከል ካለው ውል የመነጩት ደግሞ በየዘርፉ ይቀራሉ፤ የዋጋ ዝርዝር፣ የቅናሽ መጠን፣ የመክፈያ ጊዜ፣ የተሰብሳቢ ሂሳብ መደብ፣ ኃላፊ ሻጭ፣ የማድረሻ ቦታ የዚህ ወገን ናቸው። ሲሚንቶ በ15 ቀን የሚከፈል ዱቤ ሊሸጥ ይችላል፤ የሆቴል አዳራሽ ግን ቅድሚያ ክፍያ ይጠይቃል። የመክፈያ ጊዜውን የጋራ ፊልድ ካደረጉት አንዱ ዘርፍ ባስተካከለው ቁጥር የሌላውን ውል ያፈርሳል።

ጨርሶ መሻገር የሌለበት ሦስተኛ ወገንም አለ። የእንግዳው የማደሪያ ታሪክ፣ የመታወቂያ ቅጂ፣ የግል ማስታወሻዎችና ቅሬታዎች ከተፈጠሩበት ዘርፍ መውጣት የለባቸውም። በዚህ ላይ የፋይዳ ቁጥርን እጨምራለሁ። ባለ 12 አኃዝ ቁጥሩ ሰውን ለመለየት አመቺ መሆኑ ብዙ ድርጅቶችን ያጓጓል፤ ነገር ግን ለሲሚንቶ ሽያጭ የማያስፈልግ ቁጥር ከሆነ ባይሰበሰብ ይመረጣል፤ ያልያዙትን መረጃ መጠበቅ አይጠበቅብዎትም።

ክርክር የሚያስነሳው አንድ ፊልድ ብቻ ነው፤ እርሱም የዱቤ ጣሪያ ነው። የፋይናንስ ክፍሉ የጋራ ይሁን ይላል፣ የሽያጭ ክፍሎቹ የየራሳችን ይሁን ይላሉ። ሁለቱም ትክክል ስለሆኑ ለዚህ ጉዳይ ደረጃ 7ን ለይቼለታለሁ።

ደረጃ 3፦ ለመዝገቡ አንድ ባለቤት መሾም

የጋራ መዝገብ ሁሉም የሚያየው እንጂ ሁሉም እንደፈለገ የሚለውጠው አይደለም። አዲስ ደንበኛ የሚያጸድቅ፣ ሕጋዊ ስምና ቲን የሚያርም፣ ድጋሚ መዝገቦችን የሚያዋህድ አንድ ሰው፣ ከተቻለ ከሽያጭ ዒላማ ነፃ የሆነ የፋይናንስ ባልደረባ፣ ይሰየም፤ ተተኪም ይኑረው። የዘርፍ ሻጮች የየዘርፋቸውን ፊልዶች ራሳቸው ያስተካክላሉ፤ የጋራውን ክፍል ግን በጥያቄ ያስለውጣሉ።

ደረጃ 4፦ መዝገቦቹን ማውጣትና ማጽዳት

አሁን ወደ ዋናው ሥራ ደርሰናል። በመጀመሪያ የዳታቤዙን ሙሉ መጠባበቂያ ቅጂ ይውሰዱ። ከዚያ የእያንዳንዱን ዘርፍ የደንበኛ ዝርዝር ወደ አንድ የኤክሴል ሰነድ ያውጡና ከየት እንደመጣ የሚያሳይ «የመነሻ ዘርፍ» የሚባል ዓምድ ይጨምሩ። ፋይሉ ሲወጣ ኢንኮዲንጉ፣ ማለትም ፊደላት በኮምፒውተር የሚቀመጡበት ሥርዓት፣ ዩቲኤፍ 8 መሆኑን ያረጋግጡ፤ ካልሆነ የግዕዝ ፊደላቱ በሙሉ ወደ ጥያቄ ምልክት ሊለወጡ ይችላሉ። ከቆየ የሂሳብ ፕሮግራም የመጡ ስሞች ትርጉም የሌላቸው የላቲን ምልክቶች ሆነው ከታዩዎት መረጃው ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፊደላት የተጻፈ ሊሆን ስለሚችል ከመጣልዎ በፊት መቀየሪያ ይፈልጉለት።

በቲን ይጀምሩ። ቲን 10 አኃዝ ያለው ሲሆን ብዙዎቹ በዜሮ ይጀምራሉ። ኤክሴል ዓምዱን እንደ ቁጥር ከወሰደው የፊተኞቹን ዜሮዎች ይጥላቸዋል፤ በአንዱ ዘርፍ 10 አኃዝ የሆነው ቲን በሌላው 8 ወይም 9 ሆኖ ይታያል፤ ኮምፒውተሩም ሁለቱን ለየብቻ ይቆጥራቸዋል። ስለዚህ ፋይሉን ሲያስገቡ ዓምዱን «ጽሑፍ» አድርገው ይምረጡ፤ ዜሮ የጎደላቸውንም ከፊት በዜሮ ወደ 10 ይሙሉ። ይህን እንደጨረሱ ከአንድ ጊዜ በላይ የተደጋገሙትን ቲኖች በብዛታቸው ቅደም ተከተል ይደርድሩ። ከላይ የሚወጡት አብዛኛውን ጊዜ እውነተኛ ደንበኞች አይደሉም፤ ፊልዱ ግዴታ ስለሆነባቸው ሻጮች የሞሏቸው አሥር ዜሮዎች፣ ወይም የራሱ የድርጅቱ ቲን ናቸው። እነዚህን ባዶ ያድርጓቸው፤ ካልሆነ በሚቀጥለው ደረጃ ፍጹም የማይተዋወቁ ደንበኞች አንድ ይሆናሉ።

የስልክ ቁጥርም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንዱ ዘርፍ በ09 ወይም በ07 ጀምሮ ይጽፋል፣ ሌላው በ251፣ ሦስተኛው የመደመር ምልክት ያክላል፤ የመደበኛ ስልኮቹ ደግሞ በአዳማ ኮድ በ022 ይጀምራሉ። ክፍት ቦታና ሰረዝ አስወግደው ሁሉንም ወደ አንድ ቅርጽ ያምጡ፤ እኔ ከ251 የሚጀምረውን እመርጣለሁ። እዚህም በጣም የተደጋገሙትን ቁጥሮች ይመርምሩ፤ የሻጩ የራሱ ስልክ በብዙ ደንበኞች ላይ ተመዝግቦ መገኘቱ የተለመደ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ስም ነው። ከውጭ የመጡ የማመሳሰያ መሣሪያዎች የተሠሩት የቤተሰብ ስም ላለው ማኅበረሰብ ነው፤ እኛ ዘንድ ያለው የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው። ሶፍትዌሩ «የመጀመሪያ ስም» እና «የመጨረሻ ስም» ብሎ ሁለት ቦታ ሲሰጥ አንዱ ዘርፍ በሁለተኛው ላይ የአባትን፣ ሌላው የአያትን ስም ጽፏል፤ ሆቴሉም ሦስቱን ስም በአንድ ፊልድ አጭቆ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለማነጻጸር ብቻ የሚያገለግሉ ሦስት ዓምዶችን አዘጋጅተው ስሙን ይከፋፍሉ። እንደ አቶ፣ ወ/ሮ፣ ኢንጂነር፣ ሐጂ ያሉ መጠሪያዎችን ይለዩ። ኃ/ማርያም፣ ኃይለ ማርያምና ኃይለማርያም አንድ መሆናቸውን እንዲያውቅ አሕጽሮተ ቃላቱን ይፍቱና ክፍት ቦታውን ያጥፉ። በድርጅት ስሞች ላይም «ኃ/የተ/የግ/ማ»፣ «ኃ.የተ.የግ.ማኅበር» እና ሙሉ በሙሉ የተጻፈው ቅርጽ እንደ ሦስት ኩባንያ እንዳይታዩ ከማነጻጸሪያው ዓምድ ያውጧቸው።

ከዚህ በኋላ ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደላት በማነጻጸሪያው ዓምድ ላይ ወደ አንድ ያምጡ፦ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ፣ ከነዝርዝሮቻቸው። ሃ እና ሀ፣ ኣ እና አ ደግሞ በአነጋገር የማይለዩ በመሆናቸው አብረው ይጠቃለሉ። ይህ የሚደረገው በማነጻጸሪያው ዓምድ ላይ ብቻ ነው። «ዓለም»ን በዐይኑ «ዓ» የሚጽፍ ሰው ስሙ በደረሰኙ ላይ ወደ አልፉ «አ» ሊለወጥበት አይገባም፤ የሚታየው ስም በመታወቂያው ወይም በንግድ ፈቃዱ ላይ እንዳለው ይቀራል።

በአዳማ ሌላ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። በከተማው የደንበኛ ስም በግዕዝ ፊደል፣ በቁቤ (በአፋን ኦሮሞ የላቲን አጻጻፍ) ና በእንግሊዝኛ ልማድ ሊጻፍ ይችላል። ቁቤም እንግሊዝኛም የላቲን ፊደል ቢጠቀሙም አጻጻፋቸው አንድ አይደለም። የጫላ የመጀመሪያ ድምፅ በቁቤ በ«ሲ» ብቻ ሲጻፍ በእንግሊዝኛ ልማድ «ሲ» እና «ኤች» ይጣመሩለታል፤ የ«ጠ» ድምፅ በቁቤ «ኤክስ» ሲሆን በሌላው «ቲ» ነው፤ ረዥም አናባቢም በቁቤ ይደገማል። ስለዚህ ላቲን ሁሉ እንግሊዝኛ ነው ብሎ የሚያመሳስል መሣሪያ ጫላን ከጫላ ጋር አያገናኘውም። የሚያዋጣው ሦስቱንም አጻጻፍ ወደ አንድ የድምፅ ቁልፍ፣ ማለትም ለማነጻጸሪያ ብቻ ወደሚያገለግል አንድ ወጥ አጻጻፍ፣ የሚለውጥ አነስተኛ ሰንጠረዥ ማዘጋጀት ነው። የቁቤ ፊደላት የተወሰኑ ስለሆኑ አማርኛንና አፋን ኦሮሞን የሚያውቅ ሠራተኛ ሰንጠረዡን በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊጨርሰው ይችላል።

አድራሻን ለማነጻጸሪያ አይጠቀሙበት፤ ለማጽዳት ብቻ ይመልከቱት። በቆዩ ሰነዶች ላይ ከተማው ናዝሬት ተብሎ ይገኛል፤ ወደ አዳማ ያስተካክሉት። የቀበሌ ቁጥሮች በጊዜ ሂደት ስለተለዋወጡ ሁለት የተለያየ ቀበሌ መጻፉ ሁለት ደንበኛ ስለመኖሩ ማረጋገጫ አይሆንም። «ፖስታ ቤት አካባቢ» የሚለውም ለሾፌር እንጂ ለኮምፒውተር የተጻፈ አድራሻ አይደለም።

ደረጃ 5፦ ድጋሚዎችን መለየትና ማዋሃድ

የጸዳ ቲናቸው አንድ የሆነ መዝገቦች አንድ ደንበኛ ናቸው። ስልካቸውና የስም ቁልፋቸው አንድ ሆኖ ቲን የሌላቸው በሰው ዓይን ይታዩ። በስም ብቻ የተመሳሰሉትን ግን በፍጹም አያዋህዱ፤ ታደሰ በቀለ የሚባል ሰው በአንድ ከተማ ውስጥ ስንት ሊኖር እንደሚችል ያስቡ። ሁለት ሆኖ የቀረ መዝገብ በማንኛውም ጊዜ ሊዋሃድ ይችላል፤ በስህተት የተዋሃደን ግን መለየት የሂሳብ ክፍሉን ሳምንታት ሊያስለፋ ይችላል።

በአንድ ቲን ሥር ብዙ ቦታ የሚሠራ ደንበኛ፣ ለምሳሌ በሞጆና በወንጂ የግንባታ ሳይት ያለው ተቋራጭ፣ አንድ ዋና መዝገብና ከሥሩ ሁለት የማድረሻ አድራሻ ይኖረዋል እንጂ ሁለት ደንበኛ አይሆንም። በተቃራኒው ስም ሳይመዘገብ በጥሬ ገንዘብ ለሚገዛ ሰው የተከፈተው «የእጅ በእጅ ደንበኛ» መዝገብ በየዘርፉ ተለይቶ ይቆይ፤ እርሱን ማዋሃድ ምንም ጥቅም የለውም፤ የየዘርፉን የችርቻሮ ሽያጭ ብቻ ያደባልቃል።

የሚተርፈውን መዝገብ ሲመርጡ ክፍት ሂሳብ ያለበትን ያስቀድሙ፤ ሕጋዊ ስሙን ግን ከቲን ምስክር ወረቀቱ ላይ ይውሰዱ። በሽያጭ ደረሰኝ ላይ ያለው የገዢ ስምና ቲን ከምዝገባው ጋር ካልተስማማ ገዢው የከፈለውን የተጨማሪ እሴት ታክስ በግብአትነት ለማቀናነስ ስለሚቸገር ይህ የውበት ጉዳይ አይደለም። ያልተመረጠውን መዝገብ አያጥፉ፤ ያግዱት፤ የድሮውን ኮድ ከአዲሱ ጋር የሚያገናኝ ሰንጠረዥም ያስቀምጡ፤ የውጭ ኦዲተሩ የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ መሆኑ አይቀርም። ከማዋሃዱ በፊትና በኋላ የተሰብሳቢ ሂሳብ ዝርዝር ድምር ከዋናው ሌጀር ጋር እኩል መሆኑን በየዘርፉ አመሳክረው በፊርማ ያረጋግጡ። ዘርፎቹ የተለያየ ቲን ካላቸው የሚዋሃደው ማንነት ብቻ ነው፤ ዕዳው የየኩባንያው ሆኖ ይቀራል።

የበጀት ዓመታቸውን ሰኔ 30 የሚዘጉ ድርጅቶች ይህን ሥራ በሰኔ ወይም በሐምሌ ባይነኩት ይሻላል። ቆጠራውና ሂሳብ መዝጋቱ ካለቀ በኋላ ያለው ጊዜ ይመረጣል።

ደረጃ 6፦ በሶፍትዌሩ ውስጥ ማስተካከል

የተለያዩ ሶፍትዌሮች ይህን ጉዳይ በተለያየ መንገድ ስለሚፈቱት ያለዎትን ሲስተም አስተሳሰብ ማወቅ ያስፈልጋል።

ኦዱ በሚባለው ሶፍትዌር የደንበኛው ገጽ ላይ «ኩባንያ» የሚል ፊልድ አለ፤ የሚታየው ከአንድ በላይ ኩባንያ ሲከፈት ነው። ፊልዱ ባዶ ከሆነ ደንበኛው ለሁሉም ይታያል፤ አንድ ኩባንያ ከተጻፈበት የሚያዩት ለዚያ ኩባንያ የተፈቀደላቸው ብቻ ናቸው። ስለዚህ ማጋራት ማለት የጸዱትን መዝገቦች መርጦ ይህን ፊልድ ባዶ ማድረግ ነው። የተሰብሳቢ ሂሳብ መደብ፣ የመክፈያ ጊዜና የዋጋ ዝርዝር በኦዱ በየኩባንያው የሚቀመጡ ስለሆኑ በደረጃ 2 የተወሰነው ክፍፍል ያለ ተጨማሪ ሥራ ይጠበቃል፤ ነገር ግን በሲሚንቶው ኩባንያ የተሞላው የመክፈያ ጊዜ በሆቴሉ በኩል ሲገቡ ባዶ ሆኖ ስለሚጠብቅዎት በየኩባንያው እየተቀያየሩ መሙላት ይኖርብዎታል። ሁለት ወጥመዶችን ልብ ይበሉ። አንደኛው፣ በደንበኛው ገጽ ግርጌ ወይም ጎን የሚጻፉት የውስጥ ማስታወሻዎችና የተያያዙት ፋይሎች የመዝገቡን ፈቃድ ስለሚከተሉ፣ መዝገቡ በተጋራበት ቅጽበት የሆቴሉ ሠራተኛ ስለ አንድ እንግዳ የጻፈውን ሁሉም ያነበዋል፤ ከማጋራትዎ በፊት ያጽዱት። ሁለተኛው፣ የማዋሃጃው መሣሪያ በአንድ ጊዜ ከሦስት በላይ መዝገብ አይቀበልም፤ ይህ ለጥንቃቄ የተደረገ ስለሆነ አይመረሩበት። ዘርፎቹ በአንድ ቲን ሥር ከሆኑ ደግሞ የተለያዩ ኩባንያዎች ከማድረግ ይልቅ ከ17ኛው ዕትም ጀምሮ የመጣውን የቅርንጫፍ አደረጃጀት ይመልከቱ።

በማይክሮሶፍት ዳይናሚክስ 365 የሽያጭ ክፍል የሚወስነው የመዝገቡ ባለቤትና የተጠቃሚው የሥራ ድርሻ ነው። እያንዳንዱ ፈቃድ በራስ መዝገብ፣ በራስ ዘርፍ፣ በራስ ዘርፍና ከሥሩ ባሉት፣ ወይም በመላው ድርጅት ደረጃ ይሰጣል። እኔ የምመክረው የደንበኛን መዝገብ የማንበብ ፈቃድ በመላው ድርጅት፣ የመጻፍ ፈቃድ በራስ ዘርፍ ደረጃ እንዲሆንና የዱቤ ጣሪያን የመሰሉ ዓምዶች በዓምድ ደረጃ ጥበቃ እንዲከለሉ ነው። የሥራ ድርሻዎች ፈቃድ ተደማሪ መሆኑን አይርሱ፤ በአንዱ ድርሻ የከለከሉትን ሌላኛው ድርሻ ከፈቀደ ተጠቃሚው ያየዋል። ሲስተሙ መዝገቦችን አንድ በአንድ ለማጋራት ቢፈቅድም ይህን ለልዩ ሁኔታ ብቻ ይተዉት፤ በሺዎች የሚቆጠር የተናጠል ማጋራት ሲስተሙን ያዘገየዋል፣ ማን ምን እንደሚያይ ለማወቅም ያስቸግራል።

በኤስኤፒ የደንበኛው አጠቃላይ መረጃ ለመላው ሲስተም አንድ ሲሆን፣ የሂሳብ መረጃው በኩባንያ ኮድ፣ የሽያጭ መረጃው በሽያጭ ድርጅት፣ በስርጭት መንገድና በምርት ክፍል ይለያል። ስለዚህ መጋራቱ አስቀድሞ የተሠራ ነው፤ ስህተቱ የሚመጣው ሠራተኛው ያለውን ደንበኛ ወደ አዲሱ ዘርፍ ማስፋት ሲገባው አዲስ ደንበኛ ሲከፍት ነው። በፒፕልሶፍት ደግሞ የደንበኛ መዝገቦች «ሴትአይዲ» በሚባል መለያ ይመደባሉ፤ የቁጥጥር ሠንጠረዡ ላይ ሦስቱ ዘርፎች ለደንበኛ መዝገብ ቡድን ወደ አንድ ሴትአይዲ፣ ለመክፈያ ጊዜ ግን ወደየራሳቸው እንዲያመለክቱ ማድረግ ይቻላል። ይህ ግን ግብይት ከመጀመሩ በፊት መወሰን አለበት፤ ግብይት ከተመዘገበ በኋላ ሴትአይዲን መለወጥ የቆዩትን መዝገቦች ከደንበኛቸው ያለያያል።

ደረጃ 7፦ የዱቤ ጣሪያ

ተቋራጩ በሲሚንቶው ዘርፍ 500,000 ብር፣ በመለዋወጫው 300,000 ብር ጣሪያ አለው እንበል። እያንዳንዱ ዘርፍ ከጣሪያው ሳያልፍ ድርጅቱ በአንድ ሰው ላይ 800,000 ብር ተንጠልጥሎ ሊገኝ ይችላል። አንድ የጋራ ጣሪያ ብቻ ቢደረግ ደግሞ ሲሚንቶው ሙሉውን ስለሚውጠው የመለዋወጫው ዘርፍ መሸጥ ያቅተዋል። የሚሠራው ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ነው፤ ለደንበኛው በጠቅላላ ለምሳሌ 600,000 ብር፣ በየዘርፉም ከላይ ያሉትን ንዑስ ጣሪያዎች ያስቀምጡ፤ ትዕዛዝ ሲመጣ ሲስተሙ ሁለቱንም ይፈትሽ። ኤስኤፒ የዱቤ ቁጥጥርን ከኩባንያ ኮድ በላይ ለማደራጀት ይፈቅዳል፤ ሌሎቹ ላይ አነስተኛ ማሻሻያ ወይም በየማታው የሚሰላ የጋራ ፊልድ ሊያስፈልግ ይችላል።

ሻጩ የሌላውን ዘርፍ ዕዳ በብር ማየት አያስፈልገውም። «ዱቤ ይፈቀዳል»፣ «ኃላፊ ይጠየቅ»፣ «ዱቤ ታግዷል» የሚሉ ሦስት ሁኔታዎች ይበቁታል፤ ቁጥሩን የሚያየው የፋይናንስ ክፍሉ ነው። ትንሽ ከተማ ውስጥ የአንድን ነጋዴ ዕዳ ልክ ሻጮች ሁሉ ካወቁት ወሬው ከቢሮው አጥር ውጭ ለመድረስ ጊዜ አይፈጅበትም።

ደረጃ 8፦ መሞከር

ሙከራው ከእውነተኛው ሲስተም በተቀዳ የሙከራ ዳታቤዝ ላይ፣ በአስተዳዳሪ ሳይሆን በየዘርፉ ሠራተኞች የተጠቃሚ ስም ይካሄድ። አስተዳዳሪው ሁሉንም ማየት ስለሚችል በእርሱ ስም የተደረገ የፈቃድ ሙከራ ዋጋ የለውም። የሲሚንቶው ሻጭ ስልክ እንዲለወጥ ሲጠይቅና ሲጸድቅ ለውጡ በሆቴሉ መታየቱን፣ ከዘርፍ ጣሪያው በታች ሆኖ የጠቅላላውን ጣሪያ የሚያልፍ ትዕዛዝ መቆሙን፣ በሦስቱም ዘርፎች የሚታተመው ደረሰኝ አንድ ስምና አንድ ቲን መያዙን ይፈትሹ። መሳካት የሌለባቸውን ሙከራዎችም ያካሂዱ፤ የመለዋወጫው ሻጭ የሆቴል እንግዳን ታሪክ ለመክፈት፣ ዝርዝሩን በሙሉ ወደ ኤክሴል ለማውጣት፣ በሌላ ዘርፍ ዋጋ ለመሸጥ ይሞክር። በተለይ ዝርዝሩን የማውጣት ፈቃድ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ከማጋራቱ በፊት አንድ ሠራተኛ ይዞ ሊወጣ የሚችለው የአንድ ዘርፍ ደንበኞችን ነበር፣ አሁን ግን የሦስቱን ነው።

ደረጃ 9፦ ሥራ ላይ ማዋልና ማቆየት

በአንድ ዘርፍ ይጀምሩ፤ ሁለተኛውን ከአንድ ወር የሂሳብ መዝጊያ በኋላ ይጨምሩ። አዲስ ደንበኛ የሚከፍት ሠራተኛ በመጀመሪያ በቲን፣ ቀጥሎ በስልክ መፈለጉን ሲስተሙ ያስገድድ፤ ፈልጎ ያጣ ብቻ ቅጹን ይሙላ። ማጽደቁ ግን ፈጣን ይሁን። ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ ማጽደቂያው ግማሽ ቀን ከወሰደ ሻጩ በእጅ በእጅ ደንበኛ ስም ሸጦ ያሳልፈዋል፤ ያን ጊዜ ሥርዓቱ በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

የመዝገቡ ባለቤት በየወሩ አዲስ የተከፈቱትን በደረጃ 4 በተዘጋጁት ቁልፎች ያመሳክር። ሠራተኛ ከዘርፍ ወደ ዘርፍ ሲዛወር የቀድሞ ፈቃዱ በዚያው ቀን ይነሣ። ግለሰብ ደንበኛ መረጃው እንዲታረም ወይም እንዲሰረዝ ሲጠይቅ ጥያቄው የትኛውም ዘርፍ ቢቀርብ ወደ መዝገቡ ባለቤት ይተላለፍ፤ ምላሹም በሦስቱም ዘርፎች ይፈጸም። በደረጃ 4 የጨመሩት የመነሻ ዘርፍ ዓምድ ደግሞ ሥራው ካለቀ በኋላም በሲስተሙ ውስጥ ይቆይ፤ ነገ ሆቴሉ ቢሸጥ ወይም ለብቻው ኩባንያ ቢሆን ከገዢው ጋር የሚሄዱት ደንበኞች የትኞቹ እንደሆኑ የሚታወቀው በእርሱ ነው።